የሐሙሱ ቁጥር

«አባዬን ከሥራ አገዱት» አለች ራዲዮ።

ቀጭኔ ዳቦዋን ልትገምጥ አፏን እንደከፈተች ቀረች። ያስደነገጣት ዜናው ብቻ አልነበረም። ራዲዮ በሦስት ቃል ተናግራ ዝም ስትል አይታ አታውቅም። ልጅቷ ራዲዮ የተባለችው ያለምክንያት አይደለም፤ ከጠዋቱ ደወል እስከ መውጫው ደወል የማትዘጋ፣ ዜናውንም ማስታወቂያውንም እያቀላቀለች የምታስተላልፍ ናት። ቀጭኔም ቀጭኔ የተባለችው ከክፍሉ ወንዶች ሁሉ በራስ ስለምትበልጥ ነው። ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጡት። አሁን ዘጠነኛ ደርሰዋል።

«መቼ? ለምን?»

«ቅዳሜ። የሐሙስ ቁጥር ነው አሉ። ያለፈው ሐሙስ ሳይሆን ከዛ በፊት ያለው።» ራዲዮ የዕረፍት ሰዓቱን ግርግር እያየች ነበር የምትናገረው። «የዛን ቀን ፋብሪካው ዝግ ነበር። ሁለተኛውን ማጣሪያ ገንዳ ከዋናው ቧንቧ ጋር ሲያያይዙ ነው የዋሉት። አንዲት ጠብታ ወደ ወንዙ አልወጣችም። የውሃ መለኪያ መዝገባችሁ ላይ ግን ዘጠኝ ነጥብ ስምንት ይላል። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ። የጎን ቧንቧው ቁልፍ ደግሞ የዛን ቀን አባዬ ጋ ነበር።»

የጎን ቧንቧው ምን እንደሆነ ቀጭኔ ታውቃለች። ማጣሪያውን ሳይነካ የፋብሪካውን ቆሻሻ ውሃ በቀጥታ ወደ ወንዙ የሚወስድ አሮጌ ቧንቧ ነው። ለአደጋ ጊዜ ተብሎ ነው የተተወው።

«‹አንተ ነህ ደብቀህ የለቀቅከው› አሉት» አለች ራዲዮ። ከዚያ ወደ ቀጭኔ ዞረች፤ «ሐሙስ አሥር ሰዓት ተኩል። የቅርጫት ኳሱ ፍጻሜ ነበር አይደል? እኔና አንቺ ደረጃው ላይ ተቀምጠን ጉሮሯችን እስኪዘጋ ስንጮህ።»

ደወል ተደወለ። ራዲዮ ምንም አልጠየቀችም። ቦርሳዋን አነሳችና ወደ ክፍል ገባች። ቀጭኔም ዳቦዋን ሳትበላ ኪሷ ከታ ተከተለቻት።

ነገሩ የጀመረው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ከወንዙ በላይ የጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካ አለ። ከወንዙ በታች ደግሞ አትክልት የሚያለሙ ሰዎች ሰፈር አለ። ፋብሪካው ዛሬ ምን ዓይነት ጨርቅ እያቀለመ እንደሆነ ለማወቅ ወንዙን ማየት ይበቃ ነበር። አንድ ቀን ቀይ፣ አንድ ቀን ሰማያዊ፤ የሰፈሩ ልጆች ጠዋት ጠዋት በነገው ቀለም ይወራረዱ ነበር። ሰላጣው ጠርዝ ጠርዙ እንደተቃጠለ ወረቀት እየጠቆረ፣ ጎመኑ ከግንዱ እየላላ ሲያስቸግር ሠላሳ አንድ አባወራና እማወራ ተሰባስበው ፋብሪካውንና ከተማውን ከሰሱ። ከከሳሾቹ አንዷ የቀጭኔ እናት ናት።

ሰፈሩ ፋብሪካው ይዘጋል ብሎ ጠበቀ። ፋብሪካው በካሳ እገላገላለሁ ብሎ ጠበቀ። ዳኛዋ ሁለቱንም አላደረጉም። «ብዘጋው አራት መቶ ሠራተኛ ይበተናል። ካሳ አስከፍዬ ብተወው ደግሞ ውሃው ነገም ያው ነው» አሉና ሥራውን በደረጃ በደረጃ ከፋፈሉት። ፋብሪካው በተቆረጠለት ቀን ሦስት ማጣሪያ ገንዳ ይሠራል። ከተማው ወደ አትክልት ቦታው ንጹሕ ውሃ ያስገባል። መዝገቡ ግን አይዘጋም። በየሁለት ወሩ ሁሉም ችሎት ቀርቦ ምን እንደሠራና ምን እንዳልሠራ ይናገራል፤ ዳኛዋም እያዩ ቀጣዩን ትእዛዝ ይሰጣሉ። ውሃው ንጹሕ እስኪሆን ድረስ እንዲህ ይቀጥላል።

አንድ ችግር ብቻ ነበር። ውሃውን ማን ይለካል? ፋብሪካው የለካውን ሰፈሩ አያምንም። ሰፈሩ የለካውን ፋብሪካው አይቀበልም። ትምህርት ቤቱ ከሁለቱ መሃል፣ ከወንዙ ዳር ነው። የሳይንስ ክበብ አለው፤ ክበቡን የሚመሩት የኬሚስትሪ መምህር ደግሞ በሁለቱም ወገን ሰው የማይጠላቸው ናቸው። ሁለቱም ጠበቆች «ተቃውሞ የለንም» አሉ። እንዲህ ሆኖ የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ሰኞና ሐሙስ ከፋብሪካው ቧንቧ በላይና በታች ውሃ እየቀዱ ፒኤቹን መለካት ጀመሩ። ንጹሕ ውሃ ሰባት አካባቢ ነው። የፍርድ ቤቱ ጣሪያ ዘጠኝ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ፋብሪካው ይጠየቃል። ቁጥሩ የሚጻፈው በሦስት ቅጂ ነው፤ አንዱ ለፍርድ ቤት፣ አንዱ ለፋብሪካው፣ አንዱ ለሰፈሩ። መምህሩም በወር አንዴ አንድ ጠርሙስ ውሃ አሽገው ለመንግሥት ላቦራቶሪ ይልካሉ።

ሐሙስ የቀጭኔ ተራ ነው።

የዚያን ዕለት ጨዋታው ሲያልቅ እሄዳለሁ ብላ ነበር። ጨዋታው ግን በእኩል ነጥብ ተጠናቆ ተጨማሪ ሰዓት ተሰጠ። ከዚያ ዋንጫ፣ ከዚያ ጭፈራ። ሲበተኑ ጀምበር ጠልቃለች። በማግስቱ መምህሩ ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በፊት መዝገቡን ጠየቋት። ቀጭኔ ኮሪደር ላይ ቆማ፣ መዝገቡን ጉልበቷ ላይ አስደግፋ ጻፈች። ከላይ ሰባት ነጥብ አራት፣ ከታች ዘጠኝ ነጥብ ስምንት። ሰኞ ዘጠኝ ነጥብ ሰባት ነበር፣ ከዚያ በፊት በነበረው ሐሙስ ዘጠኝ ነጥብ ዘጠኝ። መሃሉን ብወስድ ማንን ይጎዳል ብላ ነው። ማስታወሻ የሚጻፍበት ቦታ ላይም «ውሃው ጠቆር ያለ ሰማያዊ» ብላ አከለች። አሁን ይበልጥ የምታሳፍራት ይህች ማስታወሻ ናት፤ ቁጥሩስ ቁጥር ነው፣ ቀለሙን ግን ማን ጻፊ አላት?

ራዲዮ ዜናውን በነገረቻት ሰኞ ከሰዓት በኋላ ወደ ትምህርት ቤቱ ላቦራቶሪ ሄደች። የመጣችው ለመናገር ነበር፤ መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ተለማምዳዋለች። መምህሩ ጠርሙስ እያጠቡ አገኘቻቸው። ገና ሲያዩዋት ፊታቸው በራ።

«የኔ ሐሙስ! ነይ እስቲ፣ ቁጭ በይ። አርብ ችሎት እንዳለ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ፣ ቲቸር። እኔ...»

«የሰፈሩ ጠበቃ ጠዋት ደውሎልኝ ነበር። አዲስ አቤቱታ አስገብቷል። በምን ላይ ቆሞ መሰለሽ? በአንቺ ቁጥር!» እጃቸውን በጋዋናቸው ጠረጉ። «ፋብሪካው ተዘግቶ ውሃው ዘጠኝ ነጥብ ስምንት ከሆነ፣ አንድ ሰው የጎን ቧንቧውን ከፍቷል ማለት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰፈሩ ‹ይከፍታሉ› ሲል፣ ፋብሪካው ‹አንከፍትም› ሲል ነበር። ማስረጃ አልነበረም። አሁን ጠበቃው ቧንቧው በሲሚንቶ ይደፈን ብሎ ጠይቋል። ዳኛዋም የሚቀበሉት ይመስለኛል። ምን ልትዪኝ ነበር?»

ቀጭኔ ጠረጴዛው ላይ የተደረደሩትን ጠርሙሶች ቆጠረች። አሥራ አንድ ናቸው።

«ምንም» አለች። «ነገ እመጣለሁ።»

ነገም አልመጣች።

ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እናቷ ሰላጣው መሃል ጎንበስ ብላ አረም ትነቅል ነበር። ቀጭኔ ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ ከጎኗ ቁጢጥ አለችና ነገረቻት። ለረጅም ጊዜ ያፈነችው ነገር ሲወጣ ከአምስት ደቂቃ በላይ አልፈጀም።

እናቷ አረሟን አላቆመችም።

«ማን ያውቃል?»

«ራዲዮ።»

«እሷ ካወቀች አገር አውቋል በይኛ።»

«አልተናገረችም። ለማንም።»

ይሄኔ እናቷ ቀና አለች። ወገቧን በእጇ ደግፋ፣ ከጣቷ ላይ አፈሩን አራገፈች። «ልጅቷ ጨዋ ናት» አለች። «አባቷም ክፉ ሰው አይደሉም ይባላል። ግን ስሚኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ እነዚህ ሰዎች ዓይናቸውን በጨው አጥበው ሲዋሹን አንድም ሰው ተነስቶ ይቅርታ አላለንም። ኢንጂነራቸው ችሎት ፊት ቆሞ ‹ውሃው ድሮም ቀይ ነበር› ሲል በጆሮሽ አልሰማሽም? አሁን ቧንቧው ይደፈን ሊባል ሁለት ቀን ቀረው። ሁለት ቀን! ይደፈን። ከተደፈነ በኋላ የፈለግሽውን ተናገሪ።»

«የራዲዮ አባትስ?»

«በሚቀጥለው ችሎት ይጣራላቸዋላ። ሁለት ወር ነው፤ ያልፋል።»

የእናቷ ሐሳብ ስትሰማው ቀላል ነው። ማንም አይጎዳም ማለት ይቻላል። ቧንቧውም ይደፈናል፣ ሰውየውም ቆይተው ይመለሳሉ። ልክ ዘጠኝ ነጥብ ስምንትን የጻፈች ቀን እንደመሰላት ማለት ነው።

«በይ ልብስሽን ቀይሪና ያንን ባልዲ አምጪልኝ» አለች እናቷ።

ሐሙስ ወደ ወንዙ ስትወርድ ራዲዮ ከኋላዋ መጣች። ከዚህ በፊት መጥታ አታውቅም፤ «ሽታው ይገድለኛል» ነበር የምትለው። ዳር ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ቀጭኔ ስትቀዳ፣ መለኪያዋን ስትነክር፣ ስትጽፍ አየቻት። ከታች ዘጠኝ ነጥብ አራት ነበር። ካለፈው ቀንሷል።

«አባትሽ እንዴት ናቸው?»

«የቤታችንን በር ሦስቴ ፈቶ ሦስቴ ገጠመው። አሁን መስኮቱን ጀምሯል።» ራዲዮ ጠጠር አንስታ ውሃው ውስጥ ወረወረች። «እማዬ ‹ጣሪያው ላይ ሳትወጣ ወደ ሥራህ ይመልሱህ› እያለች ነው።»

ቀጭኔ ልትስቅ ብላ ተወችው። «የኔን ነገር ነገርሻቸው?»

«አልነገርኩትም።»

«ለምን?»

«ብነግረው ሮጦ ሄዶ ለአለቃው ይነግራል። አለቃው ለጠበቃው ይነግራል። ጠበቃው ነገ በዛ ሁሉ ሰው ፊት አንቺን ገትሮ ያፋጥጥሻል። ያንን ማየት አልፈልግም።»

«ታዲያ ምንድን ነው የምትፈልጊው?»

ራዲዮ ሌላ ጠጠር አነሳች። «እኔ እንጃ» አለች። «ነገን ልይ መሰለኝ።» ተነስታ ቀሚሷን አራገፈችና ወደ ላይ ወጣች።

የችሎቱ አዳራሽ ጠባብ ነው። ሁለት ማራገቢያ ጣሪያው ላይ አለ፤ አንዱ ይዞራል፣ አንዱ ቆሟል። በቀኝ በኩል ባሉት አግዳሚዎች ሰፈሩ፣ በግራ በኩል ፋብሪካው፣ ከኋላ ደግሞ ከከተማው የመጡት ተቀመጡ። ቀጭኔ ከመምህሩ ጋር ፊት ለፊት ተቀመጠች። እናቷ ከኋላዋ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ናት። ራዲዮና አባቷ በግራ በኩል በሩ አጠገብ ቆመዋል። ሰውየው ረጅም፣ ትከሻቸው ጎበጥ ያለ፣ የጣታቸው ጫፍ ለዘለዓለም ሰማያዊ ሆኖ የቀረ ቀለም ቀላቃይ ናቸው።

ዳኛዋ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መዝገቡን ገለጡ። መዝገቡ በክር የታሰረ ነው፤ ሁለት ዓመት ወረቀት ሲበላ ኖሮ ትራስ አክሏል። መጀመሪያ የከተማውን ሰው አስነሱ። የውሃ መስመሩ ለምን እንደዘገየ ጠየቁት። እሱ ስለ ዕቃ ግዢ ማብራራት ሲጀምር «ባለፈውም ይህንኑ ነግረውኛል፣ ቃል በቃል። አሁን ቀን ብቻ ይንገሩኝ» አሉት። ቀን ነገራቸው። ጸሐፊዋ ጻፈችው። ከዚያ የፋብሪካው ኢንጂነር ሁለተኛው ገንዳ ማለቁን በፎቶግራፍ አሳየ። ዳኛዋ ፎቶውን አንድ በአንድ አዩ። ማንም አልጮኸ፣ ማንም አላለቀሰ። ነገሩ ሁሉ ክፍል ውስጥ የቤት ሥራ እንደማረም ነበር።

ከዚያ የሰፈሩ ጠበቃ ተነሳ። የሐሙሱን ቅጂ ከፍ አድርጎ ያዘ። ፋብሪካው በተዘጋበት ዕለት የተመዘገበ ቁጥር መሆኑን፣ ይህም የጎን ቧንቧው በድብቅ እንደሚከፈት የሚያሳይ መሆኑን አስረዳ። ቧንቧው በአሥር ቀን ውስጥ በሲሚንቶ እንዲደፈን ጠየቀ። የፋብሪካው ጠበቃ ተነስቶ ድርጊቱ የአንድ ሠራተኛ ጥፋት መሆኑን፣ ሠራተኛውም መታገዱን ተናገረ። በሩ አጠገብ የቆሙት ቀለም ቀላቃይ አንገታቸውን ደፉ።

«መምህር» አሉ ዳኛዋ። «በዚህ ቅጂ ላይ ያለው ፊርማ የእርስዎ ነው?»

መምህሩ ተነሱ። «አዎ፣ ክብርት ዳኛ።»

«ቁጥሩ ትክክል መሆኑን ለፍርድ ቤቱ ያረጋግጣሉ?»

መምህሩ ትንፋሽ ወሰዱ። ቀጭኔ ከጎናቸው ሆና ደረታቸው ከፍ ሲል አየች። ቀጥሎ የሚወጣው ቃል «አዎ» መሆኑን አወቀች። ያ ቃል ከአፋቸው ከወጣ ደግሞ ውሸቱ የእሷ ብቻ መሆኑ ያበቃል።

«ቲቸር፣ አያረጋግጡ» አለች።

መነሳቷን ያወቀችው ሁሉም ሰው ቀና ብሎ ሲያያት ነው። እንዲህ ባለ ቀን ቁመት ዕዳ ነው።

«ማነሽ አንቺ?» አሉ ዳኛዋ።

«ሐሙስ የምለካው እኔ ነኝ። የዛን ቀን ግን አልለካሁም። አልሄድኩም። ቁጥሩን በማግስቱ ከራሴ ነው የጻፍኩት።» ድምጿ እየቀጠነ ሄደ። «ቀለሙንም።»

በቀኝ በኩል ያሉት አግዳሚዎች ተንጫጩ። ዳኛዋ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፉ፤ ጫጫታው ቆመ። መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው ዓይናቸው ላይ አደረጉ።

«ስንት ቀን ነው እንዲህ ያደረግሽው?»

«አንድ ቀን። ያንን ሐሙስ ብቻ።»

«ሌሎቹ ሁሉ በእውነት የተለኩ ናቸው?»

«አዎ።»

«ይህን ለማመን ምን ምክንያት አለኝ?»

ቀጭኔ አሰበች። ምንም የሚያሳይላት ወረቀት የለም፣ ምስክርም የላትም። «የለም» አለች።

ዳኛዋ አዩዋትና ጎንበስ ብለው ጻፉ። «ቢያንስ ይህኛው መልስ ከራስሽ የተፈጠረ አይደለም» አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ጠነከረ። «ለፍርድ ቤት ያልሆነውን ሆነ ብሎ መጻፍ የልጅ ጨዋታ አይደለም። አንድ ሰው በአንቺ ቁጥር ከሥራው ወጥቷል። ዕድሜሽን አይቼ ዛሬ በማስጠንቀቂያ አልፈዋለሁ። ሁለተኛ ግን አላልፍም። ተቀመጪ።»

የፋብሪካው ጠበቃ ወዲያው ተነስቶ የትምህርት ቤቱ መዝገብ ከነአካቴው ውድቅ እንዲሆን ጠየቀ። ሁለት ዓመት ሙሉ የተለካው ሁሉ። የሰፈሩ ሰዎች ፊት አመድ መሰለ። ዳኛዋ አዳመጡትና ሲጨርስ ለጸሐፊዋ ትእዛዝ ማጻፍ ጀመሩ። የሐሙሱ መስመር ይሰረዝ። የቀሩት ቁጥሮች በየወሩ ታሽጎ ወደ ላቦራቶሪ ከተላከው ውሃ ውጤት ጋር ይመሳከሩ፤ የማይገጥም ካለ እሱም ይሰረዝ፤ የገጠመው ግን ይጸናል። ከዛሬ ጀምሮ ውሃው የሚለካው በሁለት ሰው ይሁን፤ አንዱ ከትምህርት ቤቱ፣ አንዱ ከፋብሪካው፤ ሁለቱም ካልፈረሙበት ቁጥር አይባልም። ቧንቧው በዚህ ማስረጃ አይደፈንም። ግን መዝጊያው በፍርድ ቤቱ ማኅተም ይታሸግ፤ ማኅተሙም በየሳምንቱ ይታይ። የዛሬው ቃለ ጉባኤ ቅጂ ለፋብሪካው የሠራተኛ አስተዳደር ይድረስ። ቀጣዩ ቀጠሮ ከሁለት ወር በኋላ።

አለቀ። ሁሉም ተነሳ።

ኮሪደሩ ላይ አንዲት ጎረቤት የቀጭኔን እናት ክንድ ያዘቻት። «የገዛ ልጅሽ! አፍንጫችን ሥር የደረሰውን ነገር!»

«ልጄን እኔ እቆጣታለሁ» አለች እናቷ ክንዷን እያስለቀቀች። «አንቺ ተራሽን ጠብቂ።»

እውነቷንም ተቆጣቻት። ሦስት ቀን ሙሉ «ባልዲ አምጪ» እና «በሩን ዝጊ» ከማለት በስተቀር አላናገረቻትም። አራተኛው ቀን ላይ ሰላጣ እየቆረጠች ሳለ፣ ሳታያት፣ «ማኅተሙ ከሲሚንቶ አይሻልም። ግን ከምንም ይሻላል» አለች። ለቀጭኔ እንደ እርቅ ተሰማት። ከዚያ በላይ አልጠበቀችም።

ራዲዮ ሰኞ ከእሷ ጎን ተቀመጠች፤ ቦርሳዋን ግን መሃላቸው ላይ አኖረች። በማግስቱም እንዲሁ። ረቡዕ አባቷ ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

«ምን አሉ?» አለች ቀጭኔ። «እኔ መሆኔን ሲያውቁ።»

«‹ረጅሟ ልጅ ናት?› አለ። ሌላ ምንም አላለም። እኔ ግን ገና ተናድጃለሁ። ችሎት ላይ ተናገርሽ ብዬ ሁሉንም የምረሳው እንዳይመስልሽ።»

«እሺ።»

«ሳምንት ሙሉ በር ሲፈታ ነው ያየሁት።»

«እሺ አልኩሽ።»

ራዲዮ ቦርሳውን አላነሳችውም። ግን ስለ ሒሳብ መምህሩ አዲስ ጫማ ወሬ ጀመረችላት፤ ወሬውም እስከ ደወሉ ድረስ አላለቀም።

የዚያኑ ዕለት መምህሩ ላቦራቶሪው በር ላይ ጠበቋት። ከችሎቱ ወዲህ «የኔ ሐሙስ» ብለው አልጠሯትም። ፊርማቸውን ባላዩት ነገር ላይ ማኖራቸው ችሎት ውስጥ መሰማቱ እንደከበዳቸው ከፊታቸው ታውቃለች።

«ከፈለግሽ ስምሽ ከተራው እንደወጣ ሊቀር ይችላል» አሉ። «ሌላ ልጅ እተካለሁ። ማንም አይፈርድብሽም። ከፋብሪካው በኩል የመደቡት ማንን እንደሆነ ሰምተሻል?»

አልሰማችም ነበር።

«ቀለም ቀላቃዩን ነው። የጓደኛሽን አባት። አምነዋቸው ይሁን ሊቀጧቸው እኔ አላውቅም።»

ቀጭኔ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የተራ ሰንጠረዥ አየች። ሐሙስ በሚለው ሥር ያለው ቦታ በላጲስ ጠፍቶ ባዶ ሆኗል።

«ነገ ሐሙስ ነው» አለች።

«አዎ።»

«እርሳስ ያበድሩኛል?»

በማግስቱ አሥር ሰዓት ላይ ወንዙ ዳር ስትደርስ ሰውየው ቀድመዋት ደርሰዋል። የሥራ ልብሳቸውን ለብሰዋል። ቀጭኔ ሰላምታ ሰጠችና ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ስላላወቀች መሬት መሬቱን እያየች ቆመች።

«ጋሼ፣ እኔ...»

«ሰምቻለሁ» አሉ። «ችሎት ላይ ነበርኩ። በይ እንሥራ፤ ስምንት ጥቅል ጨርቅ ይጠብቀኛል።»

ከላይ ቀዱ። ሰባት ነጥብ አራት። እሷ ጻፈች፣ እሳቸው ፈረሙ። ከዚያ ወደ ታች ወረዱ፤ የጎን ቧንቧው መዝጊያ ላይ ያለውን ማኅተም አዩ። አልተነካም። ቀጭኔ ከቧንቧው በታች ውሃ ቀዳችና ብርጭቆውን ድንጋዩ ላይ አስቀምጣ መለኪያውን ነከረች። ሁለቱም ጎንበስ አሉ።

9.0 አለ። ትንሽ ቆየና 9.1 ሆነ። ተመለሰና 9.0 ሆነ።

ዘጠኝ ከሆነ ፋብሪካው ትእዛዙን አከበረ ማለት ነው፤ በሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ። ዘጠኝ ነጥብ አንድ ከሆነ አላከበረም። መለኪያው ግን ሐሳቡን አልወሰነም። 9.1፣ 9.0፣ 9.1።

«አንቺ ምን ይታይሻል?» አሉ ሰውየው።

«ይዋልላል።»

«እኔም የሚታየኝ እሱ ነው።»

ከላይ የፋብሪካው ጭስ ማውጫ ይታያል። ከታች የእናቷ ሰላጣ አለ። እስክሪብቶው በእሷ እጅ ነው፣ ፊርማው ግን የሁለቱም ነው። ሰውየው አልቸኮሏትም። እሳቸውም ቢሆኑ የትኛው ቁጥር እንደሚሻላቸው የታወቀ ነው፤ ግን አፍ አውጥተው አልተናገሩም።

ቀጭኔ መለኪያውን አወጣች። ብርጭቆውን ሣሩ ላይ ደፋችው። በንጹሕ ውሃ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ አለቀለቀችው።

«እንደገና እንቅዳ፣ ጋሼ» አለች።

ሰውየው የሱሪያቸውን ጫፍ ሰበሰቡና ከእሷ ጋር ወደ ውሃው ወረዱ።